ሐይቋን በእርምጃ የለካንባቸው ቅዳሜዎች

ባሕረ ገብ መሬት ምን እንደሆነ ለተማሪ ለማስረዳት የግድ ጣሊያንን መጥራት ያናድዳቸው ነበር። "እዚሁ ደጃችን እያለ!" ይሉ ነበር የጂኦግራፊው መምህር። እውነታቸውን ነው። ከመሐል ሜዳ ከተማ በማለዳ ተነስቶ ሦስት ሰዓት ያህል በእግሩ የሄደ ሰው ከገብስ ማሳዎቹ ባሻገር አንዲት ትንሽ ሐይቅ ያገኛል። አንድ ቀጭን መሬት ተዘርግቶ ወደ ውሃው ገብቷል፤ በሦስት ጎኑ ውሃ ነው፣ በአንገቱ ብቻ ከየብስ ጋር ተያይዟል። የአገሩ ሰው "አፍንጫው" ይለዋል።

እኔ የጎረቤት ከተማዋ የሞላሌ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ መሐል ሜዳ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ጋሼ ደግሞ (ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው) ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ሚስታቸው ሞተውባቸው ቅዳሜን ብቻቸውን ቤት ውስጥ መዋል የከበዳቸው ሰው ነበሩ። አንድ አርብ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ "ነገ ሐይቋን ላሳያችሁ፣ ትሄዳላችሁ?" አሉን፤ እኔንና የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ። ጸሐፊዋ ጓደኛዬ ናት፣ በሆነው ባልሆነው የምትስቅ። ሄድን። ከዚያ በኋላ በጋውን ሙሉ ቅዳሜ ቀርተን አናውቅም።

ሳሩ ላይ ያደረው ውርጭ ሳይሟሟ እንወጣለን። ፀሐይ ሞቅ ሲል ሐይቋ ዳር ደርሰን በሶ በጥብጠን እንጠጣለን። ከዚያ ሥራ ይጀመራል። ጋሼ የሐይቋንና የአፍንጫውን ካርታ ለተማሪዎቻቸው ሊሠሩ ቆርጠዋል፤ በየትኛውም መጽሐፍ የለችማ። ሜትር የለንም። እሳቸው ዳር ዳሩን እየተራመዱ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፣ እኔ ባለ ካሬ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ጓደኛዬ መታጠፊያው ላይ ድንጋይ ታቆማለች። አንድ ቀን ከቄጠማው ውስጥ የዝይ መንጋ እግራቸው ሥር ብድግ ሲል ደንግጠው ቁጥሩ ጠፋባቸው። "አጠፉብኝ እነዚህ ባለጌዎች!" ብለው እየሳቁ ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀመሩ። ሰውነቴ ሁሉ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

የገበሬው ማሳ እየተለካ እንደገና የተከፋፈለበት የመሬት ሽግሽግ ካለፈ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። ስለዚህ ከአፍንጫው አንገት አጠገብ ማሳ ያላቸው አንዲት አሮጊት የምንሠራውን ሲያዩ ጮኹብን።

"ደግሞ ልትለኩብን መጣችሁ? ያለፈው አልበቃችሁም?"

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ደብተሩን ገልጠው አሳዩዋቸው። "እናቴ፣ ለልጆች ማስተማሪያ ነው። ይኸውልዎት፣ ይኼ ውሃው ነው። ይኼ አፍንጫው ነው። የማንንም መሬት አልነካሁም።"

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው በትኩረት አዩት። "ታዲያ የኔ ቤት የታለ?" አሉ።

ጋሼ እዚያው ትንሽ ክብ ቤት ሣሉላቸው። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ እርጎ ይዘው ይጠብቁን ነበር። ፊደል ያልቆጠሩት እኚህ እናት ነገሩን ለመረዳት የፈጀባቸው በሶ የመበጥበጫ ጊዜ እንኳ አይሆንም። ይህን የምናገረው ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ስለሚያበግነኝ ነው።

አንድ ቅዳሜ የቀበሌው ሚሊሻ ጠመንጃውን አንግቶ ከሩቅ ቆሞ ሲያየን ዋለ። አልቀረበንም፣ አልጠየቀንም። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ከትምህርት በኋላ የመምህራን ግምገማ ተጠራ። ርዕሰ መምህሩ ሠላሳ ዓመት እንኳ የማይሞላው፣ ዘወትር ጋሼን "እንደምን አደሩ" እያለ የሚያልፍ ሰው ነበር። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጓደኛዬ ናት፤ ከጎኑ ተቀምጣለች።

"አንዳንድ መምህራን ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጥተው በድብቅ ይሰበሰባሉ" ሲል ጀመረ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረ። "የት ነው የምትሄደው?"

አባቱ የሚሆኑትን ሰው "አንተ" አላቸው። በእኛ አገር ሰው ተቆጥቶ እንኳ ለሽማግሌ እንዲህ አይልም።

"ወደ ሐይቋ" አሉ ጋሼ።

"ምን ለመሥራት?"

"ለማየት። ለመንሸራሸር።"

"ውሃ ለማየት ሦስት ሰዓት በእግር? ካርታውንስ ለማን ነው የምታነሳው?"

"ለዘጠነኛ ክፍል" አሉ ጋሼ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፈነው። ርዕሰ መምህሩ ግን ፊቱ ቀላ። ደብተሩን እንዲያቀርቡ አዘዘ፣ አቀረቡ። ተቀብሎ አገላበጠና የሴትዮዋን ቤት በጣቱ እያመለከተ "ይኼስ ምን ምልክት ነው?" አለ። የአሮጊት ቤት ነው ብለው ሲነግሩት ለጓደኛዬ "ጻፊው" አላት። ጻፈች። የራሷንም ስም ከተከሳሾቹ ጋር በገዛ እጇ ስትጽፍ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ተራው የኔ ሆነ። "ግለ ሂስ አድርጊ" ተባልኩ።

ምን ልበል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩበት አልነበረም፤ ድንገት ነው። ሃያ ስድስት መምህራን አይኖቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለዋል። ተነሳሁና "ሳላስፈቅድ መሄዴ ጥፋት ነው" አልኩ። ቅዳሜ፣ በእረፍት ቀኔ፣ በገዛ እግሬ፣ በተወለድኩበት አገር ለመሄድ ሳላስፈቅድ! ያንን ዓረፍተ ነገር አፌ እንዳወጣው ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። ርዕሰ መምህሩ ላይ ከምናደደው በላይ ራሴ ላይ የተናደድኩባቸው ዓመታት ነበሩ።

ወር ሳይሞላ ጋሼ ወደ ግሼ፣ ራቤል አካባቢ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ደብዳቤው "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" ይላል። አልጋቸውንና መጻሕፍታቸውን የጭነት መኪና ላይ ስንጭን "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ከፍቶኛል፤ አልዋሽሽም" አሉኝ። ቀጥለው "ግን ልጅ ነሽ። እንጀራሽ ነው" ብለው ጭንቅላቴን ዳበስ አደረጉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ አመለከትኩ። አንዴ "ኃላፊው የሉም"፣ አንዴ "ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ በሦስተኛው "ጉዳዩ ተዘግቷል"። ማን ዘጋው? በምን ማስረጃ? መልስ የሰጠኝ የለም። ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ቅዳሜን ቤቷ ልብስ ስታጥብ መዋል ጀመረች። እኔ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻዬን ሄድኩ። ሴትዮዋ "ሽማግሌው ታመሙ እንዴ?" ሲሉኝ ታመዋል አልኩ። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ፤ ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ።

ጋሼ ሁለቱን ዓመት ግሼ ጨርሰው ጡረታ ወጡና ደብረ ብርሃን ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ጉልበታቸው ተጎድቶ ነበር። ልጠይቃቸው ከመሐል ሜዳ አውቶቡስ ተሳፍሬ ስሄድ አጠገቤ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? የቀድሞው ርዕሰ መምህር። ዞን ተሹሟል። "አንቺ! እንዴት ነሽ? አልተለወጥሽም እኮ!" አለኝ፣ እንደ ዘመድ።

"ጋሼን ልጠይቅ ነው" አልኩት።

"የቱን ጋሼ?"

ነገርኩት። ግንባሩን አኮማተረ። "አላስታወስኳቸውም። ያኔ ስንቱን ገምግመናል" ብሎ ሳቀ። አሁን "አንቱ" ማለቱን ልብ አልኩ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ድምፄን ሳልቀንስ ጀመርኩ፦ ሐይቋን፣ እርምጃውን፣ የአሮጊቷን ቤት፣ ግምገማውን፣ እኔ ያልኩትን ሳይቀር። ከፊታችን የተቀመጡት ዞር አሉ።

"እህቴ፣ የቆየ ነገር ነው። ሰው እየሰማ ነው" አለኝ ዝግ ብሎ።

"ይስማ!" አልኩና ቀጠልኩ። ሞላሌን አልፈን ብዙ እስክንጓዝ አላቆምኩም። እሱ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያይ ነበር። ሲወርድ አልተሰናበተኝም።

ጋሼ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ማን አጠገቤ ተቀምጦ እንደመጣ አልነገርኳቸውም። ደስታቸውን ላበላሽባቸው አልፈለግኩም። ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ስለ ገብሱ አዝመራ ጠየቁኝ፤ እኔም ንዴቴን ዋጥ አድርጌ አንድ በአንድ መለስኩላቸው።