ፉንዲ ጌድዮንና ራሱን የሠራው ሮኬት

በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ የናፍጣ ሞተር ያስቸገረው ሁሉ የሚሄደው ወደ ጌድዮን ጋራዥ ነበር። አባቱ ከሸዋ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ፤ የእሱ ልብ ግን ከልጅነቱም ሚዛንና ጆንያ ላይ አልነበረም። ሞተር ሲንተከተክ ሰምቶ የቱ ሲሊንደር እንደሰነፈ የሚናገር፣ ቦራናውም ገሪውም ሐበሻውም በስዋሂሊ «ፉንዲ»፣ ባለሙያው፣ እያለ የሚጠራው መካኒክ ሆነ። አንድ ጠባይ ብቻ ነበረበት፤ መፍቻውን ለሰው አይሰጥም። ሁካ የሚባለው ሠራተኛው አብሮት ዓመታት ሲቆይ ዕቃ ከማጠብና ከማቀበል አላለፈም። ጌድዮን «እኔ ካልነካሁት አልተሠራም» ይል ነበር።

በ2015 ወደ ናይሮቢ የሚወርድ የጭነት መኪና ሞተሩ እየሠራ ሲፈትሽ፣ የማራገቢያው ቺንጋ ቀኝ እጁን ጎትቶ አስገባው። ሁለት ጣቶቹን አጣ፤ የተረፉትም አልታጠፍ አሉ። ጋራዡ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሰው መንገድ ላይ «ፉንዲ!» ሲለው አንገቱን ይደፋ ጀመር።

አብሮ አደጉ ሮዳስ ከተዘጋው ጋራዥ ጎን ሳይበር ካፌ ነበራት። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው።

«ቤትህ ቁጭ ብለህ ግድግዳ ከምታይ፣ እኔ ጋ ቁጭ ብለህ ስክሪን እይ» አለችው።

ወንድሟ ከናይሮቢ በፍላሽ ያመጣው ጨዋታ ነበር። ተራራውም ላሙም ከኩብ የተሠራ ዓለም ነው፤ ትቆፍራለህ፣ ታቀልጣለህ፣ የፈለግከውን ትሠራለህ። «ሞድ» የሚሏቸው ተጨማሪዎች ስለተጫኑበት ደግሞ ፋብሪካ መትከልና ሮኬት ማስወንጨፍ ይቻላል። የካፌው ኮምፒውተሮች በኬብል ስለተያያዙ፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሁሉም አንድ ዓለም ውስጥ ይገናኛል። እሁድ ከሰዓት ስልክ ጠጋኟ ፈቲያና በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልሰው የቦዳቦዳ ነጂ ገልገሎ አይቀሩም ነበር። ሐሳባቸው አንድ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ፣ በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ይህንኑ ጨዋታ የሚጫወተው የጎልቻ ቡድን ሳይቀድማቸው ጨረቃ ላይ መውጣት።

ጌድዮን ማውሱን በግራ እጁ ያዘ። ገደል ገባ። ጭራቅ በላው። ከሌላ ጭራቅ ሲሸሽ ያው ገደል ውስጥ ተመልሶ ገባ። ገልገሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ጌድዮንም ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«እኔ ለእናንተ ሸክም ነኝ። እናንተ ቆፍሩ፣ እኔ ዕቃ ቤቱን ልያዝ» አላቸው።

ዕቃ ቤት የሚሉት የሳጥን መዓት ነበር። ብረቱ ከከሰሉ፣ መዳቡ ከዳቦው ተደባልቋል። ለሮኬቱ የሚሆን አንዲት የብረት ሉህ ለመሥራት ብረት ፈልገህ መፍጫ ውስጥ ትከታለህ፤ ዱቄቱን አውጥተህ ምድጃ ውስጥ፣ የቀለጠውን አውጥተህ መጭመቂያ ውስጥ። ሮኬቱ ደግሞ ሉህ የሚበላው በመቶዎች ነው። ፈቲያ ጣቷ የፈጠነ ቢሆንም፣ አንድ ከሰዓት ሙሉ ስትጫን ውላ የምታወጣው ለአንድ ክንፍ እንኳ አይበቃም ነበር።

ጌድዮን የጨዋታውን መመሪያ ሲያገላብጥ ስለ መጋዘን መረብ አነበበ። ሳጥኑ ሁሉ በኬብል ተያይዞ፣ ያለው ዕቃ በሙሉ አንድ ሰሌዳ ላይ ይታያል። ማሽኖቹን ካያያዝክና እያንዳንዱ ነገር እንዴት እንደሚሠራ በካርድ ላይ ካሳየኸው፣ የቀረህ ማዘዝ ብቻ ነው። መረቡ ራሱ ጥሬ ዕቃውን አውጥቶ ለማሽኑ ይሰጣል፣ ማሽን ወደ ማሽን ያሻግራል።

«አንዴ ካሳየሁት ወዲያ እኔ አልነካውም ማለት ነው?» ሲል ሮዳስን ጠየቃት።

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

መመሪያውን ከመጀመሪያው መልሶ አነበበው።

ከዚያ በኋላ ካፌው ሲከፈት እየገባ ኬብል ሲዘረጋ ይውላል። ስቲማው፣ መብራቱ ማለት ነው፣ በጠፋ ቁጥር ስክሪኑ እስኪመለስ አፍጥጦ ይጠብቃል። ስምንት ማሽን አያይዞ ሁሉም ሠሩለት፤ ዘጠነኛውን ቢጨምር አልበራ አለ። ነቅሎ ተከለው፣ ያው ነው። ሁለት ቀን ሲብሰለሰል ቆየና በድንገት ጠረጴዛውን መታ። «በአንድ ቀጭን ሽቦ የመኪናውን መብራት ሁሉ አበራለሁ እያልኩ ነው እኮ!» ኬብሉ የሚሸከመው ስምንት ብቻ ነበር። መሐል ላይ ዋና መቆጣጠሪያ አቁሞ፣ ወፍራም ኬብል ስቦ፣ ከዚያ ወደየማሽኑ ቀጫጭኑን አከፋፈለ። ዘጠነኛው በራ፤ ሃያኛውም በራ።

ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሁድ ገልገሎ እየሮጠ ገባ። «የጎልቻ ሰዎች ሞተሩ ብቻ ነው የቀራቸው! ዛሬ ሳይጨርሱ አይቀሩም!»

ሁሉም ወደ ጌድዮን ዞሩ። እሱ ሰሌዳውን ከፍቶ ሮኬት የሚለውን መረጠና ማዘዣውን ተጫነ። መፍጫዎቹ አጓሩ፣ ምድጃዎቹ ቀሉ። ፈቲያ አፏን ይዛ ቀረች። ብዙም ሳይቆይ ግን ሁሉም ጸጥ አለ። ሰሌዳው ላይ «ሉህ በመጠበቅ ላይ» የሚል ብቻ ቀረ።

«ፉንዲ፣ ተወው! በእጃችን እንጨርሰው!» አለ ገልገሎ ወደ ኪቦርዱ እየተንደረደረ።

«እጅህን አንሣ!» ጌድዮን የጮኸው ጋራዥ ውስጥ እንደሚጮኸው ነበር። «ማንም እንዳይነካ!»

ከመፍጫው ጀምሮ አንድ በአንድ ሄደበት። ዱቄት ወጥቷል። ምድጃውም አቅልጧል። መጭመቂያውን ሲከፍት ሉሁ ውስጡ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ወደ መጋዘኑ የሚመለስበት መንገድ አልተሠራለትም ነበር። መረቡ ሉህ ይጠብቃል፣ ሉሁ መውጫ ይጠብቃል። ጌድዮን አንዲት ቱቦ ከመጭመቂያው ወደ መጋዘኑ ቀጠለ።

ሉሁ ጎረፈ። ክንፉ ተሠራ፣ ታንኩ ተሠራ፣ ሞተሩ ተሠራ። የካፌው ሰው ሁሉ ከየወንበሩ ተነሥቶ ከጌድዮን ጀርባ ቆመ፤ አንድም ሰው ኪቦርድ አልነካም። በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ አንዲት ትንሽ ሮኬት ብቅ አለች።

«ጀባዹ ፉንዲ! ጀባዹ!» ገልገሎ በቋንቋው በርታ እያለ ጀርባውን ይደበድበው ጀመር። ሮዳስ ዕልልታዋን ለቀቀችው፤ የመንገዱ ሰው ሙሽራ መጣ እንዴ ብሎ በር ላይ ተሰበሰበ።

ፈቲያ ስልኳን አንሥታ ማዶ ደወለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጎልቻ ራሱ ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ መጣ። ምድጃዎቹ ለሁለተኛ ሮኬት ሲነዱ ትክ ብሎ አየና «ማነው የሚሠራው?» አለ።

«ማንም አይደለም» አለው ጌድዮን፣ ቀና ብሎ እያየው።

በዚያው ሳምንት ሁካን አስጠርቶ ጋራዡን ከፈተ። መፍቻውን ለሁካ ሰጠው፤ ራሱ አጠገቡ ቆሞ ሞተሩን ያዳምጣል፣ እየነገረ ያሠራል። መጀመሪያ ጥርሱን እየነከሰ ነበር፤ ኋላ ግን ሁካ ብቻውን የጠገነው መኪና ወደ ማርሳቢት ሲወጣ ማየት ደስ ይለው ጀመር።

ያን እሁድ ካፌው ውስጥ፣ ጨረቃ ላይ ማን ቀድሞ ይውጣ የሚለውም ብዙ አላከራከረም ነበር። ፈቲያ ከወንበሯ ተነሥታ ጌድዮንን አስቀመጠችው፤ ሮኬቷ እሳት ተፍታ ተነሣች፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጩ መሬት ከታች መጣ።

«ምን አለ እዚያ?» አለ ጎልቻ ከኋላ አንገቱን አስግጎ።

«ብረት» አለ ጌድዮን፤ ዙሪያውን እንኳ በቅጡ ሳያይ ኬብል መዘርጋት ጀምሯል።