የአባቴ ወስፌ በኢስታንቡል

ከደባርቅ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። አባቴ መሪጌታ ፈንታ ጋቢያቸውን ተጀቡነው መናኸሪያው በር ድረስ ሸኙኝ፤ ብራና የሚያሰምሩበትን ወስፌም በጨርቅ ጠቅልለው በእጄ አኖሩ።

«ሌላ የለኝም፤ ሥራ ስትይዝ ትመልስልኛለህ» አሉኝ።

ድሮ የአምባራስና የበየዳ ካህናት ዳዊት የሚያስጽፉት ከእኛ ቤት ነበር። ዛሬ የታተመው መጽሐፍ ቀድሞናል፤ የብራና ሥዕል የሚገዛን ጎብኚም ቀርቷል። እኔ ደባርቅ ውስጥ የኤሌክትሪክ ክራር እሠራ ስለነበር፣ ሥራዬን በስልክ ያየ አንድ የኢስታንቡል ጊታር ሠሪ «ና» ቢለኝ በጉብኝት ቪዛ ተነሣሁ።

ወገኖቼ፣ ብርዱን አትጠይቁኝ! የደባርቅ ብርድ ደረቅ ነው፤ ጋቢ ይመልሰዋል። የዚህኛው ከባሕር ተነሥቶ አጥንት ውስጥ ያድራል። «ቻይ» የሚሉትን ሻይ በትንሽ ብርጭቆ ደጋግመው ያቀርቡልሃል፤ እንዴት አደርህ የሚልህ ጎረቤት ግን የለም።

ያን የጠራኝን አሠሪዬን ኡስታ ከማል ይሏቸዋል፤ ኡስታ ማለት የእጅ ሙያ ሊቅ ነው። «መልቲስኬሉን በደንብ ጨርስ፤ የሥራ ፈቃድ ማመልከቻህን እፈርማለሁ» ብለው ቃል ገቡልኝ።

መልቲስኬል ወፍራሙ አውታር ረዝሞ፣ ቀጭኑ አጥሮ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ወፍራሙ አውታር እንዳይላላ ይረዳል። ነገር ግን በአንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ እንጂ ጎን ለጎን እኩል አይሄዱም። ስለዚህ ለተራው ጊታር የተዘጋጀ የመጋዝ መምሪያ አይሆነውም፤ ድምፅ መቀበያው ሰያፍ ሆኖ በልዩ ትእዛዝ ይመጣል፤ የአውታር መደገፊያውም ለእያንዳንዱ ለብቻው ይገዛል። የአንገቱን ጥቁር ጣውላ ደንበኛው ራሱ ነበር ያመጣው፤ ምትክ አልነበረውም።

የቪዛዬ ጊዜ እያለቀ ስለነበር የስደተኞች ቢሮ ሄድሁ።

«ሙያ?» አለኝ ሹሙ።

«ጊታር ሠሪ።»

«በአገርህም ጊታር ትሠራ ነበር?»

«ክራር። ከዚያ በፊት ብራና አሰምር ነበር።»

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየው። «አንዱም የለም። ‹ሌላ› በሚለው ላይ ምልክት አድርግ። ሁላችሁም እዚያ ናችሁ።»

በማግስቱ የአንገቱን ልክ በወረቀት ላይ ማውጣት ጀመርሁ። የሁለቱን ጠርዞች ልኬት ለየብቻ አስልቼ ጽፌ ነበር። እጄ ግን በሕፃንነቱ የተማረውን አደረገ፤ ብራና ሲሰመር ቅጠሉ ይታጠፍና ወስፌው ሁለቱን ጠርዝ በአንድ ጊዜ ይወጋል። ወረቀቱን አጠፍሁት፤ ወጋሁት፤ ነጥቦቹን አገናኘሁ። መስመሩ ሁሉ ጎን ለጎን እኩል ሲሄድ ልቤ ረካ፤ መስመር ባዛነፍሁ ቁጥር በልምጭ ስገረፍ ያደግሁ ልጅ ነኝና! በጣውላው ላይ ሰባት ቦይ በመጋዝ ካወጣሁ በኋላ ኡስታ ከማል መጡ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የጊታሩ አንገት፣ ኡስታ።»

«ደንበኛው መሰላል አላዘዘም» አሉ። አልጮኹም። ብዕራቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ፤ ያ ብዕር ለእኔ ማመልከቻ የተዘጋጀ ነበር። «እጅህ ጎበዝ ነው፤ ግን ሌላ ጣውላ ከየት አመጣለሁ?»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ደወሉ።

«ወስፌው አገለገለህ?»

«አገለገለኝ፣ አባባ።»

«ሁለቱ ጠርዝ እኩል ወጣልህ?»

«እኩል ወጣ፤ አንዱም አልተዛነፈ።»

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ። ከኋላቸው የደባርቅ ነፋስ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንገጫግጭ ይሰማኛል። «በል እንግዲያ አትመልሰው። አንተ እንጀራህን ብላበት፤ እኔ በሚስማር አሰምራለሁ።»