ባዶ ጆንያ የምትሸጠው ሥርጉት

ሥርጉትን ሌባ የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይጣላ። ሳሪስ አቦ ገበያ ውስጥ እኔ ሐጀራ ምስርና ክክ እሸጣለሁ፤ እሷ ከጎኔ ባዶ ጆንያ ትሸጣለች። ልጆቻችን እዚያው ጆንያ ላይ ተኝተው ነው ያደጉት። በረመዳን ስጾም ፊቴ ውሃ አትጠጣም፤ ዞር ብላ ስትጠጣ ግን ታስታውቃለች፣ መደበቅ አትችልበትም። የምነግራችሁ እንግዲህ ከሰው የሰማሁትን አይደለም።

ሥራዋን የማያውቅ ይንቀዋል። ጠዋት ቃሊቲ ወርዳ ከጭነት መኪና ሾፌሮች ባዶ ጆንያ ትገዛለች፣ ከቆራሌውም ትገዛለች። ተሸክማ ታመጣና ታራግፋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ የተቀደደውን ትሰፋለች። ከሁሉ የሚፈለገው የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ጆንያ ነው፤ ያ የፈረንጅ ምልክት ያለበት፣ «አይሸጥም» ተብሎ የተጻፈበት። ጠንካራ ነዋ! ነጋዴው የአርሲ ስንዴውን ይሞላበታል፣ ከሰል ሻጩ ከሰሉን፣ እኔም ክኬን። እናንተም ጓዳ አንድ አይጠፋም፣ እስቲ ግቡና እዩ። ሥርጉት ምልክቱን ወደ ውጭ አድርጋ ነው የምትደረድረው፣ ገዢ ከሩቅ አይቶ እንዲመጣላት። ከየት አመጣሽው ላላት ሁሉ አንድ በአንድ ትነግረዋለች።

ታላቅ እህት አለቻት፣ እታገኝ የምትባል። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ እታገኝ ባሏን ቀብራ፣ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ፣ ወሎ ውስጥ በአንድ የተፈናቃዮች መጠለያ ትኖር ነበር። ሳንባዋን ታማ መድኃኒት ጀምራለች። መድኃኒቱ ደግሞ ክፉ ነው፣ በባዶ ሆድ አይቻልም። ያቆማት በየወሩ የምትሰፈርላት የእርዳታ ስንዴና ዘይት ነበረች። ሥርጉት ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ ብላ ለምናታለች፤ እታገኝ ግን ከመጠለያው ከወጣሁ ስሜ ይሰረዛል፣ አንቺም በአንድ ክፍል ቤት ከነልጆችሽ ታፍነሻል አለቻት። እውነቷን ነው። ሥርጉት እህቴ መድኃኒቷን ትጨርስልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም ትል ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት ሁለት እንግዶች ገበያችን መጡ። አንዷ ፈረንጅ ናት። ሌላው የእኛው ልጅ ነው፣ ቀናው የሚባል አስተርጓሚ። የእርዳታ እህል ተሰርቆ ገበያ ላይ ይሸጣል ስለተባለ ያንን እናጣራለን አሉ። ይጣራ! ስርቆት የለም ብዬ አልምልም። መኪና ሙሉ ስንዴ የት ግቢ እንደሚራገፍ ሾፌሮቹ ሲያወሩ ጆሮዬ ሰምቷል። ግን የእነዚያ ግቢ የብረት በር አለው፣ ዘበኛ አለው። የእኛ ገበያ በር የለውም፣ የመጣ ሁሉ ይገባል።

ሥርጉት የምትቀመጥባትን ዱካ ለፈረንጇ ለቀቀችላት። ጆንያው ባዶ እንደሆነ፣ ስንዴውን ባለቤቱ በልቶ ጆንያውን እንደሚሸጠው፣ ሾፌሮቹ ሲመለሱ እንደሚያመጡላት ሁሉንም ነገረቻቸው። ያመኗት አልመሰላትም መሰለኝ፣ የእኔን ጆንያ ብድግ አድርጋ ገለበጠችውና ውስጡ ያለው የእኔው ክክ መሆኑን አሳየቻቸው። ክኬ መሬት ላይ ሲፈስ ጮህኩባት፤ እሷ እየሳቀች ለቀመችልኝ። ቀናው ሳያዛባ ተረጎመ፣ ፈረንጇም ጻፈች። ሲጨርሱ ፎቶ እናንሳሽ ወይ ብለው በሥርዓት ጠየቋት። ሥርጉት ነጠላዋን አስተካክላ ጆንያዎቿ መሀል ቆመች።

ብዙም ሳይቆይ እርዳታው ቆመ። በሰረቀው ግቢ ላይ አይደለም የቆመው፣ በሁሉም ላይ ነው። እስኪጣራ ነው ተባለ። ከፊት ለፊታችን ስልክ የሚጠግነው ታጁ አንድ ጠዋት ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። ብናይ ሥርጉት ናት፣ ፈገግ ብላ። ከሥሩ የተጻፈውን ታጁ ተረጎመልን፣ ገበያ ላይ ሲሸጥ የተገኘ የእርዳታ እህል ይላል። እህል! ወላሂ ደሜ ፈላ። ሥርጉት አልተቆጣችም። ነግሬያቸው ነበር እኮ፣ ነግሬያቸው ነበር እያለች ስልኩን ደጋግማ አየችው።

በማግስቱ ባዶ ጆንያዋን አጣጥፋ የእነዚያ እንግዶች ቢሮ ድረስ ሄደች፣ እኔም ሱቄን ለልጄ ጥዬ ተከተልኳት። ዘበኛው ጆንያውን ይዘሽ አትገቢም አላት። እንግዳ ተቀባይዋ ቅሬታ የሚነገርበት ስልክ አለን ብላ ቁጥር ሰጠችን፤ ደወልን፣ ያነሳችው ልጅ አመስግና ተመዝግቧል አለችን። በመጨረሻ ቀናው ራሱ ወደ እኛ ወረደ። ፊቱ ጠቁሯል። የነገርሽን ሁሉ ሪፖርቱ ውስጥ አለ፣ መጨረሻው ላይ ነው ያለው አላት። የፎቶውን ጽሑፍ የጻፉት ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው፣ እርዳታውን ያቆሙትም ሌሎች ናቸው፣ ደግሞ ባንቺ ፎቶ ብቻ አይደለም የቆመው አለ። ማን ናቸው ብንለው እሱም አያውቃቸውም። መንግሥት ሲጠየቅ ረጂዎቹ ናቸው ያቆሙት ይላል፤ ረጂዎቹ ሲጠየቁ መንግሥት ሌባ ይጠቁመን ይላሉ። እኔ እንግዲህ አፌን አልይዝም።

«ሌባ ለመቅጣት ነው ያቆማችሁት፤ ሌባው ግን ጠግቦ ነው የሚያድረው» አልኩት። «የምትቀጡት ማንን ነው?»

የሻይ ብር ሊሰጠን እጁን ኪሱ ከተተ፣ ሥርጉት አይሆንም አለችው።

ከዚያ በኋላ እታገኝ በደወለች ቁጥር ድምጿ እየሳሳ መጣ። መድኃኒቱን ስትውጥ ያስመልሳታል፤ ኋላማ ለልጄ ያለችውን ቁራሽ እኔ ምን ብዬ እበላለሁ ብላ መድኃኒቱን ተወችው። ሥርጉት ከእኔ ክክ፣ ከዚያ ከዚህ ዱቄት አሰባስባ በምታውቀው ሾፌር ላከች። መንገዱ በተኩስ ተዘጋና ሾፌሩ ከነእቃው ተመለሰ። ራሷ ልትሄድ አውቶቡስ ተሳፈረች፣ ከመንገድ መለሷቸው። አንጀቴን በላችው። ሥራ መሥራት አቃታት፤ ጆንያውን ትዘረጋና መርፌውን ይዛ ዝም ብላ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ገበያ እያለን የእታገኝ ልጅ ደወለች። ሥርጉት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እኔም ሳትነግረኝ ገባኝ። ለቀብሯ እንኳ አልደረሰችም። ቤቷ ደጃፍ ድንኳን ጥለን እዚሁ አለቀስን። እኔ ነኝ የገደልኳት፣ ያን ቀን ጆንያዬን ባልዘረጋ፣ ፎቶ ባልነሳ ኖሮ እያለች ደረቷን ትመታለች። ተይ አልኳት፣ ተቆጣኋት፣ እጇን ይዤ ለመንኳት። እርዳታው ባንቺ ፎቶ ብቻ አልቆመም ስላት ጭራሽ አትሰማኝም።

በሦስተኛው ቀን ቀናው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ላባርረው ብድግ ብዬ ነበር፣ ሥርጉት በዓይኗ ከለከለችኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሏት ተቀመጠ። ጎንበስ አለና፣ ምናልባት የሚያጽናናት መስሎት ነው፣ እርዳታው ሊቀጥል ነው፣ ተወስኗል፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ይሰፈራል አላት።

ሥርጉት ቀና ብላ አየችውና ሌባው ተገኘ ወይ ብላ ጠየቀችው። ማጣራቱ አልቋል አላት። ማን ተቀጣ አለችው። እሱ አልተገለጸም፣ የሚገለጽም አይመስለኝም አለ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። ከፈረንጆቹስ አጠፋን ያለ አለ ወይ አለችው። ራሱን ነቀነቀ፣ ማንም የለም ማለቱ ነው።

«እንግዲያው እኔን ጻፈኝ» አለችው። «እህቷን የገደለቻት እሷ ናት፣ አምናለች በላቸው። አንድ ሰው እንኳ ይገኝ እንጂ።»

ቀናው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ጻፍ እንጂ አለችው ደግማ፣ ብዕርና ወረቀትም እንድፈልግላት ወደ እኔ ዞረች።