ከሚካኤል የመጣ ላሜራ

እናቴ ለመኪናዬ ደግ ቃል ኖሯት አያውቅም። ዲያቆን ይሆንልኛል ያለችው ልጇ የኩልመስክ መንገድ ሾፌር ሆኖባት፣ አሮጌዋን ሚኒባሴን ባየች ቁጥር «ይቺን ቆርቆሮ ብለህ ክህነቱን ተውከው!» ትለኛለች። እኔም «እማዬ፣ ቄስ ነፍስን ሰማይ ያደርሳል፤ እኔ ደግሞ ሥጋን ኩልመስክ አደርሳለሁ» ብያት እሸሻለሁ።

አንድ ክረምት ፔዳናው በሰበሰ። ፔዳና ከበሩ ሥር ያለው፣ ተሳፋሪ ረግጦ የሚገባበት ብረት ነው። አንድ ገበያተኛ እህሉን ተሸክሞ ቢረግጠው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። «ኧረ ሾፌር፣ መኪናህ እግሬን ዋጠችው!» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ተቃጠልኩ። ወደ ጋራዥ ወሰድኳት። ጠጋኙ ተንበርክኮ አየና ወረደብኝ።

«ላይ ላዩን ታጥባለህ፤ ከሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ጭቃ ደፍኗቸዋል። ውሃው ውስጡ ተኝቶ በላው። ደግሞ በስቱኮ ለጥፈህ ማንን ልትሸውድ ነው?»

ስቱኮውን የለጠፍኩት እኔው ነበርኩ። የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለው። አዲስ ፔዳና ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ደግሞ ሥራ መፍታት ነው። እሱ ግን ጓሮው ውስጥ ወፍራም ላሜራ ነበረው፤ ሚካኤል ሰፈር ከፈረሰ ጠጅ ቤት በር ላይ የተነቀለ። በልኩ ቆርጦ፣ አጥፎ በየደው፤ የውሃ መውጫውንም በሳ። ችግሩ፣ የጠጅ ቤቱ ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል ላሜራው ላይ ተጋድሟል፦ «ሳይጠጡ አይለፉ»። «ምን ችግር አለው፣ ቀለም ይሸፍነዋል» ብሎ ሰማያዊ ቀባበት።

በማግስቱ እናቴን ገበያ ላደርሳት ስል አዲሱን ብረት አየችው።

«ይሄን ደግሞ ከወዴት አመጣኸው?»

«ከሚካኤል።»

ሰፈሩን ማለቴ ነበር። እሷ ቤተ ክርስቲያኑን ሰማች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ ፔዳናውን ተሳለመችው፤ ጫማዋንም አውልቃ ገባች። ልነግራት አፌን ስከፍት «ተመስገን፣ ልጄን ባረክልኝ» አለች። መሪ ከጨበጥኩ ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀው ምርቃት! አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው አገር አዳረሰ። ባልቴቶቹ ሌላውን መኪና እያሳለፉ እኔን ይጠብቁ ጀመር። አንዷ ትሳለመዋለች፣ አንዷ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለዋለች። በሩን ጓ አድርጎ የሚዘጋ ጠፋ። ሌሎቹ ሾፌሮች «አባ ፔዳና» የሚል ስም አወጡልኝ። ደስ ብሎኛል፣ ምን አስዋሸኝ! እናቴማ በማኅበሯ መሐል ቀና ብላ መቀመጥ ጀመረች።

ከዚያ የሚካኤል አለቃ መጡ። ያውም በገበያ ቀን፣ መናኸሪያው በሰው ተሞልቶ፣ እናቴ ጋቢና ተሰይማ።

«አንተ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ብረት ማን ሰጠህ?» ብለው በመቋሚያቸው መሬቱን መቱት።

ጉድ ፈላ! ዝም ብል ሌባ ነኝ። ብናገር፣ እናቴ የጠጅ ቤት በር ስትሳለም መክረሟን ሕዝብ ሊሰማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማኅበሯ ፊት ቀና አትልም።

«አባቴ፣ እባክዎ ዝቅ ብለው ይዩት» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

ቁጢጥ አሉ፤ ጋቢያቸው ፔዳናውን ከሰው ዓይን ጋረደው። በዚያ ሁሉ መሳለምና መወልወል ቀለሙ ሳስቶ ፊደሎቹ ብቅ ብለው ኖሯል። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በቁጣ ይሁን በሳቅ አላወቅሁም። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ በመስኮት አንገቷን አወጣች።

«ጽሑፍ አለው እንዴ? ምን ይላል አባቴ?»

አለቃው ቀና ብለው መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ቀጥሎ እሷን ረዘም አድርገው አዩ።

«‘ሳይሳለሙ አይለፉ’ ይላል» አሉ። «ብረቱም የተሰረቀ አይደለም።»

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ዛሬውኑ ቀባው» አሉኝ፤ «ነገ የምትጭነው የእኔን ተማሪዎች ነው፤ እነሱ ማንበብ ይችላሉ።»