ሳሎን የምትበላው እንግዳ

እትዬ ጥሩአየሁ አንድ ነገር ከያዙ ያዙ ነው፤ መቱ ከተማ ግቢያቸው ውስጥ የተከራየን ሁሉ እናውቃለን። አባታቸው ከሸዋ የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ያ ግትርነት ከእሳቸው ሳይወረስ አይቀርም። በዘጠና ስምንት ዓ.ም. የያዙት ደግሞ ሰው ነበር፤ ኢንግሪድ የምትባል የኖርዌይ አዋላጅ። የእርዳታ ድርጅቷ ኖፓ ወደምትባለው ወረዳ እየተመላለሰች አዋላጆች እንድታሠለጥን ልኳት የፊት ለፊቱን ክፍል ተከራየች። ከእሷ በፊት የመጡት ሁለት ፈረንጆች ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላቸው ላጥ ብለዋል።

«ይቺኛዋ አትሄድም!» አሉ እትዬ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ልጃቸው ገሊላ ኖፓ ላይ ምጥ ይዟት፣ የሚያዋልዳት ጠፍቶ፣ መኪና ሲፈለግ ነው የሞተችባቸው።

እንግዲህ እንግዳዋን ለማቆየት ታጥቀው ተነሡ። ውሃ ሲቋረጥ በጀሪካን አስቀድተው አሞቁላት። መብራት ሲጠፋ ፋኖስ ገዙላት። ድንች ቀቀሉ፤ በርበሬ ከአጠገቧ አራቁ፤ ሹካ ከጎረቤት ተዋሱ። ምግቧን ሳሎን፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣው የጠረጴዛ ልብስ ላይ ያቀርቡላትና በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ይወጣሉ። ልያት የሚል ጎረቤት ሲመጣ «ትረፍ፣ ተዋት» ብለው ከደጅ ይመልሱታል። እኛ ኩሽና ውስጥ አንድ ትሪ ከበን እየተንጫጫን እንበላለን።

ኢንግሪድ ግን ከሳች። እትዬ ድንቹ ላይ እንቁላል ጨመሩ፤ ይብሱን ከሳች። በሁለተኛው ወር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሻንጣዋን ስታሰናዳ ደረሱባት። እኔም ከኋላቸው ገባሁ፤ ነገር ካየሁ መቼ ያስችለኛል።

«ምን ጎደለብዎት? አይብ ነው? አልጋው ነው? ይንገሩኝ፣ ከአዲስ አበባም ቢሆን ይመጣል!»

«ቀዝቃዛ ውሃ ለመድኩ» አለች ኢንግሪድ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ጨለማም ለመድኩ። ብቻዬን መብላት አልቻልኩም። እናንተ ስትስቁ ይሰማኛል። ምን አጠፋሁ? እላለሁ።» አለቀሰች።

እትዬ አፋቸውን ያዙ። እኔም አፈርኩ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያልን የምንተርት ሰዎች፣ ለክብሯ ብለን ሴትዮዋን ስልሳ ቀን ለብቻዋ አበላናት! ለአንዳችንም እንኳ ነገሩ አልታየንም።

እትዬ ይቅርታ ማለት አያውቁበትም። ሳሎን ገብተው ሹካውንና ሳህኑን በጠረጴዛው ልብስ ጠቀለሉና ወሰዱ። ከዚያ ኢንግሪድን ክንዷን ይዘው፣ ግቢውን አቋርጠው ኩሽና አስገቧት። የያዮን ማር ገበያ ላይ የምትሸጠው ተከራይ ቢሊሴ በርጩማዋን ለቀቀችላት።

«ኮቱ፣ ታኢ!» አለቻት በኦሮምኛ፤ ነይ ተቀመጪ ማለቷ ነው።

እትዬ ሽንኩርትና ቢላ አቀበሏት። አንቱታውን ትተውታል።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ገሊላን የገደላት ሰው ማጣት ነው። አንቺ ደግሞ እኔ ቤት ተቀምጠሽ ሰው አጥተሽ ብትሄጂብኝ፣ ምን ብዬ ነው በሰማይ እሷን ፊት ለፊት የማያት? ክተፊ። ምሳ ከእኛ ጋር ትበያለሽ፤ ሰኞ ኖፓ ትሄጃለሽ።»

ኢንግሪድ ቢላውን ተቀበለች። ሰኞም ሄደች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ተመላለሰች።