አምስተኛው ሰውና የበረሃው ባቡር

በአንኮበር ገደል አፋፍ፣ ጉሙ ሰተት ብሎ ገብቶ ምድጃ ዳር የሚቀመጥበት መንደር፣ ቄስ ገብረ ሕይወት የሚባሉ የደስ ደስ ያላቸው ሰው አሉ። በቤታቸው ግድግዳ ላይ በአራት ሚስማር የተወጠረ በረሃ አለ! ቢጫ አሸዋ፣ ሁለት ግመል፣ ጭሱን ወደ ኋላ እየጣለ የሚበር ባቡር። አባታቸው አዋሽ ላይ ሐዲድ ጠጋኝ ሳሉ ያመጡት የድሮ የባቡር ማስታወቂያ ነው። በፈረንጅ አፍ የተጻፈውን «ኑ፣ በረሃውን እዩ» ይላል ብለው ነግረዋቸዋል። ጉሙ ሲገለጥማ እውነተኛው በረሃ ራሱ ከገደሉ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ቄሱ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፤ አንድ ቀን ወርደውበት አያውቁም።

ለምን ቢሉ፣ ቅዳሴ አምስት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ደብሩ ያለው ልክ አምስት። አንዱ ከጎደለ ቅዳሴው ይታጎላል። ከጎረቤት ደብር ቄስ ለመዋስ ቢሞክሩም «እኛስ ስንት የሆንን መሰለዎት?» ተባሉ።

ዘንድሮ ግን ድሬዳዋ የምትሠራው ልጃቸው ሰርካለም የባቡር ትኬት ቆረጠችላቸው። ሰኞ ሄደው ቅዳሜ ይመለሳሉ፤ እሑድን አይነካ፣ የወር በዓልን አይነካ! ከዚያ ወዲያ እሷም ትዛወራለች፤ ዕድሉ ይኸው አንድ ነው። ቄሱ ቀኑ ገና ከአምስት ሳምንት በላይ ሲቀረው ማስታወቂያውን ነቅለው ጠቀለሉት። ከእውነተኛው አሸዋ ጋር ሊያስተያዩት ነዋ!

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ጎረቤታቸው ወለተሐና ምጥ ላይ ናት። ሴት ከወለደች ክርስትናው በሰማንያ ቀን ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው። ወንድ ከሆነ ግን አርባው ቀን በዚያው በጉዞው ሳምንት ረቡዕ ይውላል፤ ያለ ቅዳሴ ደግሞ ክርስትና የለም።

ቅዳሜ ጧት፣ አምቡላንሱ ጉም ይዞት ሳይደርስ፣ እልልታው ቀለጠ። ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው። ቄሱ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ቆጠሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ጸጥ አለ። አቤት ያ ዝምታ!

ለካ ሴቶቹ ትንፋሽ እየሳቡ ኖሯል። አራት።

አብረዋቸው የሚቀድሱት ቄስ ማኅደረማርያም ከአጥሩ ማዶ ሳቁ። «አይዞህ ገብሬ! ሕፃኑ አድጎ፣ ቀስሶ ይተካሃል። ሠላሳ ዓመት ምን አላት?»

«አንተ ክፉ! ያኔ በቃሬዛ ነው የምሳፈረው።»

ስልካቸው ጮኸ። ሰርካለም ናት። ሰላምታው ሲያልቅ ቄሱ «ወለተሐና ተገላገለች» አሏት።

«አባባ፣ ስንት ጊዜ እልል አሉ?»

«ሰባት። እንኳን ማርያም ማረቻት።»

«ትኬቱን… ልመልሰው?»

«መልሺው ልጄ።»

ቤት ገብተው ጥቅሉን ፈቱት። ወረቀቱ መጠቅለል ለምዶ አልዘረጋም አለ፤ ግመሎቹ በየጫፉ ተሸበለሉ። በክርናቸው ግድግዳው ላይ ደግፈው፣ አራቱን ሚስማሮች በየቀዳዳቸው መለሱ። ከዚያ መስቀላቸውን አንሥተው የወለተሐናን ቤት ጠበል ሊረጩ ወጡ።