ለቡሳይና የቆሰቆስኩት እሳት

ቡሳይና በሱዳን፣ በከሰላ ገበያ ሽንኩርት መዛኝ ናት። ሚዛኑን በጣቱ ሰረቅ አድርጎ የሚጫን ነጋዴ ካየች፣ "ጣትህንም አብሬ ልመዝነው?" ትለዋለች፤ ገበያው ይስቃል፣ ሰውየው መግቢያ ያጣል። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፣ ሃያ ዓመት በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ኖረናል። እንደ እሷ ያለ ቻይ ሰው አላየሁም። ቻይነቷን ሳደንቅ መኖሬ አሁን ያናድደኛል።

የወር አበባዋ ከመጣ አሥራ ሁለት ቀን አይቆምም ነበር። ፊቷ ገርጥቶ ገበያ መሃል ዝልፍልፍ ስትል ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ዶክተር ኢህሳን መርምራ ክፉ በሽታ እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ፣ ትንሽ የላስቲክ ፊኛ ማህፀኗ ውስጥ አስገብታ በሚፋጅ ውሃ ሞላችው። የሚደማውን የውስጥ ሽፋን ሙቀቱ ያጠፋዋል አሉ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

"ኻልቲ፣ ዛሬ ቁርጠት ይኖርዎታል፣ ያልፋል" አለቻት፣ በዐረብኛ አክስቴ ብላ። "እየባሰ ከሄደ ወይም ካተኮሰዎት ግን ነገ ሳይሉ ይምጡ። ሙቀቱ አልፎ አንጀት የሚነካው ከስንት አንዴ ነው፤ ከነካ ግን ቀልድ የለም።"

አጠገቧ ቆሜ ነበር። በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ቡሳይናን ሆዷን ይዛ ጎብጣ አገኘኋት።

"ብርድ ነው የገባሽ" አልኳት።

"ሐኪሟ እኮ..."

"ያቺ ልጅ ምን ታውቃለች! ያዳነሽ ሙቀት አይደል? ይጨመርበታ!"

እኛ ዘንድ ያገባች ሴት ወገቧን ሲያማት ጢስ ትሞቃለች። ጓሮ ባለው የጢስ ጉድጓድ ውስጥ የግራር እንጨት ቆሰቆስኩ፣ ከላዩ አስቀመጥኳት፣ እስከ አንገቷ በብርድ ልብስ ጠቀለልኳት። ላቧ ተንዠቀዠቀ። "እሰይ፣ እየወጣልሽ ነው!" አልኩ። ጥርሷ ሲንገጫገጭም "እሰይ" አልኩ። በሦስተኛውም ቀን ደገምኩላት። እሷም ጥርሷን ነክሳ ቻለችልኝ።

ከእሳቱ አውርጄ ጥላ ውስጥ አስተኛኋት። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ግንባሯ ግን አሁንም ይፋጃል። ሆዷን ብነካው እንደ ጣውላ ደርቋል። ያቺ ቻይ ሴት ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች። ክው አልኩ። ለካ ትኩሳቷን በገዛ እሳቴ ሸፍኜው ኖሯል!

ሐኪም ቤት ሆዷ ተከፈተ። የፊኛው ሙቀት አልፎ አንጀቷን አቃጥሎ በስቶታል፤ ሆዷን መግል ሞልቶታል። ዶክተር ኢህሳን ከቀዶ ጥገናው ወጣች።

"በእኔ እጅ እንዲህ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው" አለች። "ሕመሙ የባሰ ቀን መጥተው ቢሆን እንዲህ አይሆኑም ነበር።"

ገድያት ቢሆንስ? አራት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም።

በአምስተኛው ቀን ቡሳይና ዓይኗን ገለጠች። ዶክተሯ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ኻልቲ፣ ይምጡ ብዬዎት አልነበረም? ቤት ያቆየዎት ማነው?"

ቡሳይና ዞር ብላ አየችኝ።

"ማንም" አለች። "እኔው ነኝ የቀረሁት።"

ዶክተሯ ራሷን ነቅንቃ ቡሳይና ያለችውን መዝገቡ ላይ ጻፈች። እኔም እውነቱን ሳልነግራት የቡሳይናን ብርድ ልብስ አስተካከልኩ።